ለጤና የሰጠነው መረጃ ለጤና ብቻ ይዋል፦ ግልጽ ደብዳቤ ለፖሊሲ አውጪዎች

ለሕግ አውጪዎች፣ ለጤና ኃላፊዎች፣ የግል መረጃን ለሚጠብቁ መሥሪያ ቤቶችና የምርምር በጀት ለምትመድቡ ሁሉ፤

ክቡራንና ክቡራት፣

እኔ ክትባት አልሰጥም። ከክትባቱ በፊት ያለችው ጠረጴዛ ላይ ነው የምቀመጠው። ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ ያለብዎት ሕመም ካለ። እየጠየቅሁ እመዘግባለሁ። ወረፋው ሲረዝም የሰው ፊት አላይም፤ የማየው ፎርም ብቻ ነው።

አንዲት እናት ግን ቀና ብዬ እንዳያት አደረገችኝ። ሕፃን ልጇን ታቅፋለች። ስሟን ነገረችኝ። ልጁ የተወለደበትን ቀን ነገረችኝ። ስልክ ቁጥር ላይ ስንደርስ ቆም አለች።

«ስልኩ ለምንድን ነው?»

«ለሁለተኛው ዙር የቀጠሮ ማስታወሻ እንዲላክልሽ ነው፣ እህቴ» አልኳት።

«ሌላስ ማን ያየዋል?»

መልስ አልነበረኝም። ፎርሙን ገልብጬ አየሁት። ስለዚያ የተጻፈ አንድም መስመር የለም። አጠገቤ ያለውን ባልደረባዬን ጠየቅሁት፤ እሱም አያውቅም። «ማንም አያየውም» ብዬ መገላገል ቀላል ነበር። መዋሸት ግን አልፈለግሁም። «እውነቱን ልንገርሽ፣ አላውቅም» አልኳት። ትንሽ አሰበችና አንድ ቁጥር ነገረችኝ። ልጁ ተከተበ፤ ሄዱ።

ለሁለተኛው ዙር ሳትመጣ ስትቀር ደወልን። ያነሱት አንድ ሽማግሌ ናቸው። «እንዲህ የምትባል ሰው አላውቅም፣ ልጄ» አሉን።

ያ ልጅ ቀሪውን ክትባት ያግኝ አያግኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይህን የምጽፈው በእናቱ አዝኜ አይደለም። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። መመለስ የነበረበት ፎርሙ ነው፤ ከፎርሙ ጀርባ ያለው ሕግ ነው። ሕጉን የምትጽፉት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

የኢንተርኔት ላይ ምስጢር፣ ክትባትና ሳይንሳዊ ምርምር በእናንተ ቢሮ ሦስት ፋይሎች ናቸው። ሦስት ኮሚቴ፣ ሦስት በጀት፣ ሦስት ኃላፊ አላቸው። እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ይሆናሉ። ሰው ስልክ ቁጥሩን የሚሰጠኝ፣ ክንዱን የሚዘረጋው፣ ደሙ ለጥናት እንዲውል እሺ የሚለው በአንድ ምክንያት ነው። የተነገረው ቃል ይጠበቃል ብሎ ስላመነ ነው። ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንላለን። ዕዳውን በአንዱ ቢሮ ስታጎድሉት ሌሎቹ ሁለቱ ይከፍላሉ።

የምለው ከየት እንደመጣ ላሳያችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ሲንጋፖር ትሬስቱጌዘር የሚባል አፕ አወጣች። ስልኮች በብሉቱዝ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ባለቤት ከታመመ አጠገቡ የነበሩት ይነገራቸዋል። ባለሥልጣናቱ መረጃው ንክኪ ለመፈለግ ብቻ እንደሚውል ለሕዝቡ ቃል ገቡ። ሕዝቡም አመነ። ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቀበለው። በጃንዋሪ 2021 ግን ለምክር ቤቱ ሌላ ነገር ተነገረ። በሀገሪቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት ፖሊስ መረጃውን መጠየቅ ይችል ነበር። እንዲያውም በአንድ የግድያ ምርመራ ተጠቅሞበታል። ሕዝቡ ተቆጣ። በወሩ አዲስ ሕግ ወጣና አጠቃቀሙ በሰባት ዓይነት ከባድ ወንጀሎች ተወሰነ።

እዚህ ላይ «ነፍሰ ገዳይ ይምለጥ ነው የምትሉት?» የሚል ይኖራል። አይደለም። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የተገደለው ሰው ቤተሰብ አለው። ችግሩ ቃሉ ሲገባ ሕጉ አብሮ አለመታየቱ ነው። አንዱ ሚኒስቴር «ለጤና ብቻ» ሲል የሌላው ሚኒስቴር ሕግ «ለእኔም» ይል ነበር። ያንን ቀድሞ አንብቦ ማስተካከል የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሕግ እያለም ይጣሳል። በጀርመን ሉካ የሚባል አፕ ነበር፤ ምግብ ቤት የገባ ሰው ስሙንና ሰዓቱን ይመዘግብበታል። መረጃው ለሌላ ነገር እንዳይውል ሕግ ይከለክል ነበር። በ2021 መጨረሻ ማይንትስ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ከምግብ ቤት ሲወጣ ወድቆ ሞተ። ፖሊስ ምስክር ፍለጋ በጤና ቢሮው በኩል የአፑን መዝገብ አወጣና እዚያ የነበሩትን ደንበኞች አነጋገረ። በኋላ አቃቤ ሕግ የሕግ መሠረት እንዳልነበረው አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ይቅርታው መልካም ነው። ግን ስልካቸው የጮኸባቸው ሰዎች ከዚያ ወዲያ ምግብ ቤት ሲገቡ ትክክለኛ ስማቸውን የሚጽፉ ይመስላችኋል? እኔ ያቺን እናት አስታውሳለሁ።

አውስትራሊያ በፌዴራል ደረጃ የተሻለ ጀመረች። ኮቪድሴፍ የተባለው አፕ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ፣ በሜይ 2020፣ መረጃውን ለሌላ ዓላማ የተጠቀመ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር በሕግ ተደነገገ። አፑ ራሱ ከታመመ ሰው ጋር የተገናኙ ብዙ ሰዎችን ፈልጎ አላገኘም፤ ያ የቴክኖሎጂው ድክመት ነው። ሕጉ ግን አርአያ ነው። እዚያው ሀገር የምዕራብ አውስትራሊያ ክልል በራሱ አፕ ተመሳሳይ አጥር አልሠራም ነበርና ፖሊስ ገባበት። የሚከለክለው ሕግ የወጣው በጁን 2021 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

አንዳንዴ መልሱ ከሕግም በፊት የሚመጣ ነው። የማይሰበሰብ መረጃ አይሰረቅም፤ ፖሊስም አይጠይቀውም። በ2020 የጸደይ ወራት አንድ የአውሮፓ ተመራማሪዎች ቡድን ይህንን ወደ ሥራ ለወጠው፤ አፕልና ጉግልም ተመሳሳይ ሐሳብ ስልኮቻቸው ውስጥ አስገቡ። አሠራሩ እንዲህ ነበር፤ ቀረብ ብላችሁ እዩት፣ ያምራል። ስልክዎ ትርጉም የሌለው ቁጥር ያወጣል። ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ቁጥሩን ይቀይረዋል። አጠገብዎ ያለው ስልክ ቁጥሩን ሰምቶ ራሱ ጋ ያስቀምጣል፤ ለማንም አይልክም። እርስዎ ቢታመሙና ቢፈቅዱ ቁጥሮቹ የተሠሩበት ቁልፍ ይፋ ይወጣል። እያንዳንዱ ስልክ ቁልፉን አውርዶ «ይህን ሰምቼ ነበር ወይ?» ብሎ ራሱን ይፈትሻል። ማን ከማን ጋር ቡና እንደጠጣ መንግሥትም ኩባንያም አያውቅም። በዚህ መንገድ የተሠራው የእንግሊዝና የዌልስ አፕ በ2020 የመጨረሻ ሦስት ወራት ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከመታመም እንዳዳነ በ2021 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ገምቷል። ምስጢር ጠብቆ ሕይወት ማዳን እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ኖርዌይ መጀመሪያ በሌላ መንገድ ሄደች። አፗ ሰው ያለበትን ቦታ እየተከታተለ በማዕከል ያከማች ነበር። የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኗ በጁን 2020 «ይብቃ» አለ። የጤና ተቋሙ አፑን አቁሞ የሰበሰበውን ሁሉ አጠፋ። በዓመቱ መጨረሻ ምስጢር በሚጠብቀው አሠራር እንደገና ወጣ። ለእናንተ የምመኝላችሁ እንዲህ ያለ ባለሥልጣን ነው። በወረርሽኝ መሃል፣ ሁሉም በፈራበት ሰዓት፣ የራሱን መንግሥት አቁም ማለት የሚችል።

አሁን ወደ ክትባቱ ልምጣ።

በ2011 የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ ኦሳማ ቢን ላደንን ሲፈልግ በፓኪስታን አቦታባድ ከተማ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ዘመቻ አስመስሎ አዘጋጀ። ዓላማው ከተጠረጠረው ቤት ልጆች የዘረመል (ዲኤንኤ) ናሙና ማግኘት ነበር። ነገሩ በዚያው ዓመት ተጋለጠ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ያንኳኳ የክትባት ሠራተኛ ሁሉ ሰላይ መሰለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ታጣቂዎች ይህንኑ እያነሱ ሰበኩበት። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ የፖሊዮ ክትባት ይዘው የሚዞሩ ሠራተኞች ተገደሉ፤ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። በኋላ የተሠራ ጥናት እስላማዊ ፓርቲዎች ሰፊ ድጋፍ በነበራቸው ወረዳዎች የልጆች ክትባት ከ23 እስከ 39 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በ2014 ዋይት ሐውስ ሲአይኤ ዳግመኛ የክትባት ዘመቻን ሽፋን እንደማያደርግ ቃል ገባ። ቃሉ የመጣው የአሜሪካ የሕዝብ ጤና ትምህርት ቤቶች ዲኖች በደብዳቤ ከጠየቁ በኋላ ነው። ደብዳቤ ዋጋ እንዳለው ከዚህ ተምሬያለሁ።

አንድ ሰው ለማግኘት የተሠራ ዘዴ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ግን ጠብታ የያዘች ሳጥን ተሸክመው ዳገት የሚወጡ ሴቶችና ያልተከተቡ ሕፃናት ናቸው። እኔም ከእነሱ ወገን ነኝና ይህን ስጽፍ ደሜ ይፈላል።

እስካሁን ያነበበ ሰው «እንግዲያው መረጃውን ሁሉ ቆልፉበት» የምል ይመስለዋል። አይደለም፤ እንዳትሳሳቱብኝ። መረጃ ከሌለ ክትባት በጭፍን ነው የሚሰጠው።

በ1998 አንድሩ ዌክፊልድ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር 12 ልጆችን ይዞ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት ከኦቲዝም ጋር ይያያዛል የሚል ፍርሃት አሰራጨ። 12 ልጆች! ጽሑፉ በ2010 ተሰረዘ፤ ፍርሃቱ ግን እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ድረስ ይመጣል። ያንን ፍርሃት ያፈረሰው ስብከት አይደለም። ዴንማርክ የክትባት መዝገቧንና የሕመም መዝገቧን በአንድ የመለያ ቁጥር ታገናኛለች። ተመራማሪዎቿ በ2019 የ657,461 ልጆችን መዝገብ አይተው ክትባቱ ኦቲዝምን እንደማይጨምር አሳዩ። አሁን አንዲት እናት ስትጠይቀኝ የምነግራት ቁጥር አለኝ።

እንዲህ ያለ መዝገብ ክትባትንም ይከሳል። በ2009 ወረርሽኝ ጊዜ ፓንደምሪክስ የሚባል የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተሰጠ። በ2010 ስዊድንና ፊንላንድ ውስጥ ሐኪሞች አንድ ነገር አስተዋሉ። ጤነኛ የነበሩ ልጆች ክፍል ውስጥ ድንገት እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ሲስቁ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል። ናርኮሌፕሲ ነው። ፊንላንድ መዝገቦቿን አገናኝታ ስታይ በተከተቡት ልጆችና ወጣቶች ላይ አደጋው ከ10 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ሀገሮች አልደበቁም፤ ለተጎዱትም ካሣ ከፈሉ። የተጎዱት ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ለእነሱ ግን ሙሉ ሕይወታቸው ነው። መዝገብ ባይኖር ኖሮ «ልጅሽ ሰነፍ ነው» ተብለው ይቀሩ ነበር።

ስለዚህ መዝገብ ያስፈልጋል፤ ሙሉ መሆንም አለበት። ሙሉ የሚሆነው ደግሞ ሰው እውነተኛ ቁጥሩን ሲሰጥ ነው።

ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ «ስሙን እናጠፋዋለን፣ አትጨነቁ» ይላሉ። በቅን ልብ ነው የሚሉት። ስም ማጥፋት ብቻውን ግን አይበቃም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞችን የጤና ኢንሹራንስ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት የሕክምና መረጃ ለተመራማሪዎች ሰጠ። ስም የለውም፣ አድራሻ የለውም። የትውልድ ቀን፣ ጾታና የፖስታ ኮድ ግን አለው። ገዥው ዊሊያም ዌልድ የሰው ምስጢር እንደተጠበቀ አረጋገጡ። ላታንያ ስዊኒ የምትባል ተማሪ ግን አላመነችም። ገዥው የሚኖሩበትን የኬምብሪጅ ከተማ የመራጮች መዝገብ በ20 ዶላር ገዛች። ከእሳቸው ጋር በአንድ ቀን የተወለዱ ስድስት ሰዎች ተገኙ። ወንዶቹ ሦስት ናቸው። በእሳቸው የፖስታ ኮድ የሚኖር አንድ ብቻ። የገዥውን የሕክምና መዝገብ ለገዥው ቢሮ ላከችላቸው።

የትውልድ ቀን፣ ጾታ፣ አድራሻ። እኔ በየቀኑ የምሞላቸው ሦስት ሳጥኖች ናቸው። ስዊኒ በኋላ እንዳሰላችው ከአሜሪካ ሕዝብ 87 በመቶው በትውልድ ቀን፣ በጾታና በፖስታ ኮድ ብቻ ተለይቶ ሊታወቅ ይችላል። ያን ካነበብኩ ወዲህ የትውልድ ቀን ስጠይቅ ድምፄ ዝቅ ይላል።

ታዲያ ተመራማሪው ምን ይሁን? እንግሊዝ ሁለቱንም መንገድ ሞክራዋለች። ኬር ዳታ የሚባለው ዕቅድ የቤተሰብ ሐኪሞችን መዝገብ በአንድ ቦታ ሊሰበስብ ነበር። ለሕዝቡ በቅጡ ሳይነገር ስለተጀመረ በ2014 ቆመ፤ በ2016 ተሰረዘ። በ2021 ተመሳሳይ ዕቅድ ደግሞ መጣ። ሕዝቡ የተሰጠው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው «የእኔን አልሰጥም» ብሎ ወጣ። ዕቅዱ ላልተወሰነ ጊዜ ተገፋ። እነዚያ ሰዎች ሳይንስ ጠልተው አይመስለኝም። ማንም ቁጭ ብሎ አላነጋገራቸውም።

በዚያው ሀገር፣ በእነዚያው ዓመታት፣ ኦፕንሴፍሊ የሚባል ሥራ ተሠራ። ቤን ጎልድኤከር የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ነገሩን ገለበጡት። መረጃው ወደ ተመራማሪው አይሄድም። የተመራማሪው ጥያቄ ነው ወደ መረጃው የሚሄደው። ተመራማሪው በሐሰተኛ መረጃ ላይ ኮዱን ይጽፋል። ኮዱ መዝገቡ ወዳለበት ይገባል፣ ይሠራል፣ የሚወጣው ድምር ውጤቱ ብቻ ነው። የማንንም ሰው ፋይል ማንም ከፍቶ አያነብም። እያንዳንዱ ጥያቄ ማን መቼ እንደጠየቀው ሁሉም በሚያየው መዝገብ ይቀመጣል። በዚህ መንገድ ከ17 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን ያካተተ ጥናት ተሠርቶ በጁላይ 2020 ወጣ፤ ኮቪድ እነማንን አብልጦ እንደሚገድል አሳየ። ወረርሽኙ ከጀመረ ገና ወራት ነው። ይህን ያነበብኩ ቀን ደስ ብሎኝ ለባልደረባዬ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ጊዜ የለንም፣ ስለዚህ ምስጢሩን ዝለሉት የሚለው ሰበብ ከዚያ ወዲያ አይሠራም።

ሳይጠይቁ መውሰድ ምርምሩን ራሱን ሲገድል ያየሁት በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ታሪክ ነው። ከአራስ ልጆች ተረከዝ የሚወሰድ የደም ጠብታ ለበሽታ ምርመራ ይጠቅማል፤ ብዙ ሕፃን አድኗል። ግዛቱ ግን ጠብታውን ያለ ወላጅ ፈቃድ ለዓመታት ያስቀምጥ፣ ለምርምርም ይሰጥ ነበር። ወላጆች በ2009 ከሰሱ። በስምምነቱ መሠረት ከ5 ሚሊዮን በላይ ናሙና እንዲወገድ ተደረገ። አንድ መስመር ፈቃድ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ያ ሁሉ ለሳይንስ ይተርፍ ነበር።

ሌላም የሚያሳስበኝ አለ። መንግሥታት የሚደበቀውንና የሚገለጠውን ይገለብጡታል። የቫይረስ የዘረመል ቅደም ተከተል፣ ማለትም ቫይረሱ የተሠራበት ኮድ፣ የማንም ምስጢር አይደለም። በጃንዋሪ 11 ቀን 2020 የቻይናው ሳይንቲስት ጃንግ ዮንግጀን ቡድን የኮቪድን ቫይረስ ቅደም ተከተል በሥራ ባልደረባው ኤድዋርድ ሆምስ በኩል ለዓለም አወጣ። በማግሥቱ ላቦራቶሪው «ለማስተካከያ» ተብሎ እንዲዘጋ ታዘዘ። ያ መረጃ ስለወጣ ግን በማርች 16 የመጀመሪያው የክትባት ሙከራ በሰው ላይ ተጀመረ፤ 10 ሳምንት እንኳ አልሞላም። የቫይረሱን ክፈቱት። የሙከራ ውጤቶችን ክፈቱ፤ መጥፎውንም ጥሩውንም። የመድኃኒት ግዢ ውላችሁን ክፈቱ። የሚቆለፈው የእናትየዋ ስልክ ቁጥር ነው።

ስለ ድረ ገጾቻችሁ ደግሞ በአጭሩ። በ2022 የተደረገ ምርመራ ከ100 ታላላቅ የአሜሪካ ሆስፒታሎች 33ቱ ድረ ገጽ ላይ የፌስቡክ መከታተያ አገኘ። ቀጠሮ የሚይዝ ሕመምተኛ ገጹ ላይ ምን እንደተጫነ ወደ ማስታወቂያ ኩባንያ ይላክ ነበር ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ክፋት አይደለም። ድረ ገጹን የሠራው ሰው የጎብኚ ቁጥር ለማየት አስገብቶት ይረሳዋል። ስለዚህ ነገ ጠዋት አንድ ባለሙያ ጠርታችሁ የክትባት ቀጠሮ የሚያዝበትን ገጽ አስፈትሹ። አዋጅ አይጠይቅም።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህን ነው። አፕም ሆነ መዝገብ ከመከፈቱ በፊት ሕጉ ይቅደም። ሕጉ ውስጥ መረጃው ለምን እንደሚውል፣ ማን እንደማያገኘው፣ መቼ እንደሚጠፋ በቀን ይጻፍ። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለውን ቃል አውጡልኝ፤ ስንት በር እንደከፈተ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ከመረጃው የማያስፈልገውን አትሰብስቡ። ወር በቂ ከሆነ ሙሉ የትውልድ ቀን አያስፈልግም። ለተመራማሪዎች የሚገቡበት የተጠበቀ ክፍል ሥሩላቸው፤ ለዚያም በጀት መድቡ። ያለ በጀት «ምስጢር ጠብቁ» ማለት ተመራማሪውን ፍላሽ ይዞ እንዲዞር ማስገደድ ነው። ጠባቂው ባለሥልጣን ከእናንተ ቢሮ ውጭ ይሁን፤ «አቁሙ» ሲላችሁ የምትቆሙለት። ክትባት ጉዳት ካደረሰ መጀመሪያ የምትናገሩት እናንተ ሁኑ፣ ካሣውም ሳይለመን ይከፈል። የክትባት ሠራተኛን ልብስ ለስለላ አትጠቀሙ። መቼም፣ ለማንም ፍለጋ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፤ አውቃለሁ። ሕግ ይረቀቃል፣ ይከራከሩበታል፣ ይዘገያል። እኔ ግን ነገም ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ፤ ወረፋውም አለ። ስለዚህ እስከዚያው አንድ ትንሽ ነገር ላኩልኝ። ፎርሙ ግርጌ ላይ ባዶ ቦታ አለ፣ ለሦስት መስመር ይበቃል። እንዲህ ተብሎ ይታተምበት፤ ከታተመም ይጠበቅ፦

«ይህ መረጃ ለክትባት ቀጠሮና ለክትባቱ ደህንነት ክትትል ብቻ ይውላል። ለፖሊስ፣ ለግብር፣ ለኢሚግሬሽን ወይም ለንግድ ድርጅት አይሰጥም። መረጃውን ያየው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠይቁ ይነገርዎታል።»

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የክትባት መዝጋቢ